የዘጠኝ ሰዓቱ የድምፅ ልምምድ

እህቴ ዘርፉ በገዛ ቤታችን ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እናቴ እያየች እንደምትሰቃይ ያወቅሁት በስምንት ዓመቴ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ በጆሮዬ ሰማሁ።

1970 ዓ.ም. ነበር፤ መጋቢት። ናዝሬት በዚያ ወር ሙቀቷ አናት ይበሳል። አቧራው ከሜዳው እየተሽከረከረ ይነሳና ላስቲክና ወረቀቱን ሰብስቦ በየደጁ ያልፋል። ሰው ቀን ቀን በሩን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። በሩን የሚዘጋው ግን ለአቧራው ብቻ አልነበረም።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሽ ኃይለየሱስ አኮርዲዮኑን በጥቁር ሳጥን ተሸክሞ ይመጣል። ረጅምና ቀጭን፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርግ የሙዚቃ አስተማሪ ነው። ቡልጋሪያ ተልኮ ድምፅ የተማረ ሰው ነው ይሉታል። ድምፅ እንዴት ይማሩታል እያልኩ እገረም ነበር፤ እኔ ሳልማር አይደል እንዴ የምጮኸው! እሱ ሲገባ እናቴ መስኮቱን ትዘጋና፣ "አበዛሽ፣ ደጅ ሆነሽ ተጫወቺ። ሰው ከመጣ ቀድመሽ ጥሪኝ" ብላ ታስወጣኛለች። በሩ ከኋላዬ ይቀረቀራል።

ወዲያው ድምፁ ይጀምራል። መጀመሪያ አፉን የታፈነ ሰው የሚያሰማው ዓይነት "ምምምም" ይመጣል። ቀጥሎ የጋሪ ፈረስ ሲደክመው እንደሚያደርገው "ብርርርር"። ከዚያ ጩኸቱ። ጩኸቱ ከታች ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ይወጣል፣ እንደ ክር ይቀጥናል፤ ከዚያ ይወርድና አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ እንደገና ይነሳል። በመሃሉ የጋሽ ኃይለየሱስ ቁጣ ይሰማኛል። "ያዢው! አትልቀቂ! ስምንት... ዘጠኝ... አሥር! ከለቀቅሽ ከመጀመሪያው ነው!" አኮርዲዮኑ አብሮ ያላዝናል። ከሁሉ በታች ደግሞ ሳል አለ። ጋሽ ኃይለየሱስ ሁለት ዓይነት ሳል ነበረው፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ እርጥብ። መንገድ ላይ ሳገኘው ግን አንድም ቀን ሲያስል ሰምቼው አላውቅም።

ዛሬ ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነውና የማውቀውን እዚሁ ልናገር። እርጥቡ ሳል የወንድሜ የሐዲስ ነበር።

ሐዲስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ጥር ላይ የቀበሌው ሰዎች ወስደው ሁለት ሳምንት አቆይተው ሲለቁት ደረቱ ተበላሽቶ ነበር። በሳምንቱ እንደገና ሊወስዱት ሲመጡ አላገኙትም። እናቴ አቦምሳ አጎቱ ዘንድ ሄዷል ብላ ለቀበሌውም፣ ለጎረቤቱም፣ ለእኔም ነገረችን። እናቴ አሰለፈች ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣ ሽንኩርት እየተረከበች የምትቸረችር ሴት ነበረች። ጓዳችን እስከ ጣሪያው ጆንያ ነው። ከጆንያዎቹ ጀርባ አንድ ሰው ተኮራምቶ የሚተኛበት ቦታ ተበጅቶ ነበር፤ ወንድሜ ሁለት ወር እዚያ ኖረ። የሽንኩርት ገለባና አቧራ ለጤነኛም ደረት አይሆን። ጎረቤት እንዳይሰማው ቀኑን ሙሉ ሳሉን አምቆ ይውላል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ እህቴ መጮህ ስትጀምር፣ የቀኑን ሳል ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስላል። ዘርፉ ድምፅ ስትለማመድ እሱ ይተነፍስ ነበር።

ለእኔ ያልነገሩኝ ንቀውኝ አይደለም። ትምህርት ቤት ዓርብ ዓርብ እያሰለፉ፣ "እቤታችሁ ማን ይመጣል? ምን ሬዲዮ ይሰማል?" ይሉን ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሆድ ደግሞ ምን ይይዛል!

ልምምዱ ግን ውሸት አልነበረም። ዘርፉ ሰዓት እላፊ ሳይታወጅ በፊት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ ሆቴል ከባንድ ጋር ትዘፍን ነበር፤ ኋላ የቀበሌያችን ኪነት ውስጥ አስገቧት። ቀበሌው የአውራጃውን ውድድር ማሸነፍ ስለፈለገ፣ ሊቀ መንበሩ ራሱ ነው ጋሽ ኃይለየሱስ እንዲያስተምራት የፈቀደው። አንድ ቀን በመስኮቱ ስንጥቅ ሲከራከሩ ሰምቻቸዋለሁ።

"ጋሼ፣ እኔ የምዘፍነው ዘመናዊ ነው። ይሄ የፈረንጅ ማላዘን ምን ያደርግልኛል?" አለችው ዘርፉ።

"በዚህ ስልት ዝፈኚ አላልኩሽም፤ ዘፈንሽን እንደወደድሽ ዝፈኚው" አላት። "ይሄ ማሟሟቂያ ነው። ሁላችሁም የምትዘፍኑት ከአንገት በላይ ነው፤ በሠላሳ ዓመታችሁ ድምፃችሁ ያልቃል። ትንፋሽሽን ከሆድሽ ካወጣሽው ግን ጉሮሮሽ አርጅተሽም ያገለግልሻል።"

የሰማሁት ይህን ሁሉ ቢሆንም የገባኝ "ያልቃል" የሚለው ብቻ ነው።

ምክንያትም ነበረኝ። በዚያው ሰሞን ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር የተኛ ልጅ አይተን ነበር። ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አንድ እግሩ ጫማ አለው፣ አንዱ የለውም። መምህራችን ቀጥ ብላችሁ ሂዱ አለችን፤ ቀጥ ብለን ሄድን። የክፍሌ ልጅ ሀጂራ፣ ትልልቆቹ ወንድሞቿ ሲያወሩ የሰማችውን በጆሮዬ ነገረችኝ። መጀመሪያ ያስተኙሃል፣ ከዚያ ከባድ ነገር ይጭኑብሃል፣ እየቆጠሩ ይጠይቁሃል፣ ካልተናገርክ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እየቆጠሩ የሚለው ነው አጥንቴ ውስጥ የገባው። ዘርፉም አንድ ቀን ጫማዋ ወልቆ መንገድ ዳር ትገኛለች ብዬ ማታ ማታ ጫማዋን አልጋዬ ሥር እደብቅ ጀመር። ጠዋት እየፈለገች ትቆጣኛለች፤ እኔ አልናገርም።

አንድ ማክሰኞ ከስንጥቁ ሥር ድንጋይ አድርጌ ቆምኩና አየሁ። እህቴ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች። ሆዷ ላይ የእናቴ የአምስት ኪሎ የሚዛን ብረት ተቀምጧል። ጋሽ ኃይለየሱስ ተንበርክኮ በመዳፉ ብረቱን ጫን አድርጎ ይቆጥራል። "አሥራ አንድ... አሥራ ሁለት... ብረቱ እንዳይወርድ! እንዳይወርድ አልኩ!" የዘርፉ ፊት ቀልቷል፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችም። እሷንም አስፈራርተዋታል አልኩ።

ከድንጋዩ ወርጄ ሮጥኩ። የሮጥኩት ወደ ጆቴ ነው።

ጆቴ ጋሪ ነጂ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ጠመንጃ አሸክሞ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አደረገው። ሰፈሩ ሲያየው ድምፁን ይቀንሳል፤ እኔ ግን አልፈራውም ነበር። ጋሪ ሲነዳ ከፊት አስቀምጦ ልጓሙን ያስይዘኝ ስለነበር ለእኔ ያው ጆቴ ነው። ግራሩ ሥር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

"ምነው ኢንታላ፣ ምነው አንቺ ልጅ? ማን መታሽ?" አለኝ።

"ጋሽ ጆቴ፣ ዘርፉን እየገደሏት ነው! ሆዷ ላይ ብረት ጭነውባት እየቆጠሩ ነው!"

"ማን ነው የሚቆጥረው?"

"ጋሽ ኃይለየሱስ!"

ተነሳ። እጄን ያዘኝ። መዳፉ ደረቅና ሰፊ ነበር። በሰፈሩ መሃል፣ ጠመንጃ ከያዘ ሰው ጋር፣ እህቴን ላድን ስሄድ የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አልረሳውም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ፤ የእኔ ቡኮ ግን ለቤተሰቡ ሁሉ በቃ።

"ክፈቱ! አብዮት ጥበቃ!"

እናቴ ከፈተች። መጀመሪያ ጠመንጃውን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች፤ ከዚያ በጆቴ መዳፍ ውስጥ ያለውን እጄን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ደም የት እንደገባ አላውቅም።

ጋሽ ኃይለየሱስ ብድግ ብሎ፣ "ይግቡ ጓድ ጆቴ! ይግቡ!" አለ። ጋሪ ሲነዳ "አንተ ጆቴ" ይለው የነበረውን ሰው ነው አንቱ ያለው። "የድምፅ ልምምድ ላይ ነን፤ ጓድ ሊቀ መንበር ያውቁታል። ብረቱ ለትንፋሽ ነው። ዘርፉ፣ ተነሽና አሳያቸው።"

ዘርፉ ተነስታ ሳቀች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ከንፈሯን አንቀጥቅጣ "ብርርርር" አለች። ጆቴ ዓይኑን አፍጥጦ አያትና ጠመንጃው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "ያ ረቢ! ይሄማ የኔ ፈረስ ነው!"

ያኔ ከጓዳው እርጥቡ ሳል መጣ። አንድ ጊዜ፣ አጭር።

ጋሽ ኃይለየሱስ አፉን በመሐረብ ይዞ እስኪጎብጥ ድረስ አሳለ። እናቴ እጇ ላይ ያለውን ቢላዋ ጠበቅ አድርጋ ያዘች እንጂ አልተነቃነቀችም። ጆቴ መሳቁን አቁሞ ወደ ጓዳው ተመለከተ፣ ወደ አስተማሪውም ተመለከተ።

"ሳል ጀመረህ እንዴ መምህር?"

"አቧራው ነው ጓድ። የሽንኩርቱ አቧራ።"

ጆቴ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና ጓዳው በር ላይ ካለው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ሌላ መቀመጫ አልነበረም።

"እኔም እኮ ድምፅ ነበረኝ። በጋሪ ላይ ሆኜ ስዘፍን ሰው ቆሞ ያዳምጠኝ ነበር። አስተምረኝ እስቲ" አለ።

እምቢ ማለት ይቻላል? በማግስቱም ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። በማግስቱም ማግስት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ፣ ያችኑ ጆንያ ተደግፎ፣ ከዘርፉ ጋር ያንጎራጉራል፤ ከዘርፉ ጋር ደረጃውን ይወጣል ይወርዳል። ከጀርባው፣ ክንዱን ቢዘረጋ በሚነካው ርቀት፣ ወንድሜ ጋቢውን ነክሶ ተኝቷል። ለሐዲስ የነበረችው አንዲት ሰዓት ተወሰደች። ከዘጠኝ በፊት ጎረቤት አለ፤ ዘጠኝ ላይ ጆቴ አለ።

እኔን ደጅ ተጫወቺ ማለት ቀረ፤ የጆቴ ወዳጅ ነኝና በሩ ሥር እቀመጣለሁ። እናቴ አልመታችኝም፤ አልተቆጣችኝም። ምስጋናዋ ነው ብዬ ነበር።

ጆቴ ያውቅ ነበር ወይ? ከዘርፉ ጋር እስከ ዛሬ እንጣላበታለን። እሷ፣ ያውቃል፣ ሊያሰቃየን ነው የሚመጣው ትላለች። እኔ ግን ሲዘፍን አይቼዋለሁ። ድምፁ የምር መልካም ነበር፤ ጋሽ ኃይለየሱስ ሳይወድ በግዱ "ይህ ደረት ለዚህ የተፈጠረ ነው" ሲል ሰምቼዋለሁ። ጆቴ እንደ ልጅ አፍሮ መሬት አየ። ዘፈን ወዶ የመጣ ይመስለኛል። ይህ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ያስፈራኛል።

ሰኞ ዕለት፣ በሰባተኛው ቀን፣ ጆቴ "ዛሬ ብረቱን እኔ ላይ ጫንብኝ" አለ። ጋሽ ኃይለየሱስ የትንፋሹን ልምምድ ሳምንቱን ሙሉ ሲሸሸው ነበር፤ ድምፅ የለበትማ። "ቆይቶ ይሻላል ጓድ፤ ዛሬ ከፍ ያለውን እንሞክር" አለ። ጆቴ አልሰማውም። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በጀርባው ተኛና ዓይኑን ጨፈነ።

"ቁጠር።"

ጋሽ ኃይለየሱስ መቁጠር ጀመረ። የሚቆጥረው በጩኸት ነው። ዘርፉ አብራ ልታንጎራጉር ስትል ጆቴ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "ዝም በይ፣ ትንፋሼ ይጠፋብኛል" አላት። በቁጥርና በቁጥር መካከል ያለው ዝምታ ሰፊ ነበር። አምስት። የውጭ ጋሪ ቃጭል ይሰማል። ስድስት። ሰባት።

ከጆንያዎቹ ጀርባ አንድ ነገር ጆንያ መታ። ዝም አለ። እንደገና መታ፤ ሁለት ጊዜ፣ ፈጠን ፈጠን አድርጎ። ቀጥሎ እየተንፈራገጠ የሚጎተት ነገር ተሰማ።

"አይጥ ነው!" አልኩ እኔ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ።

"ሽንኩርት የሚበላ አይጥ!" አለ ጆቴ፤ ሆዱ ላይ ያለው ብረት በሳቁ ዘለለ።

እናቴን አየኋት። ሽንኩርትና ቢላዋ ይዛ ተቀምጣለች። ከጓዳው እስከ እሷ አራት እርምጃ ቢሆን ነው። የላጠችውን ሽንኩርት እንደገና ትልጣለች።

"አዎ ልጄ፣ የማይበላው የለም" አለችው።

"አሥራ አራት" አለ ጋሽ ኃይለየሱስ። ድምፁ ተሰብሯል። "አሥራ አምስት።" ጆንያው አንዴ ቀስ ብሎ ተነካ። ከዚያ በኋላ አልተነካም። ጆቴ ሃያ ሁለት ድረስ ያዘ። ተነስቶ አቧራውን አራገፈ፣ ጠመንጃውን አነገተ፣ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎኝ ወጣ።

ሐዲስ ሳሉ እንዳይሰማ የጋቢውን ጫፍ ጉሮሮው ድረስ ጎርሶት ነበር። እንደዚያ ነው ያገኙት። ይህን የነገሩኝ ደርግ ወድቆ፣ ሃያ አንድ ዓመቴ ላይ፣ አጽሙን ከጓዳችን ወለል ሥር አውጥተን ቤተ ክርስቲያን ስናሳርፈው ነው። የቀበሩት በማግስቱ ጠዋት፣ ጆቴ በማይመጣበት ሰዓት፣ ጋሽ ኃይለየሱስ እየቆፈረ ዘርፉ እየጮኸች ነው። ዶማም ድምፅ አለው።

እኔ ያን ሰኞ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ጆቴ እንደወጣ እናቴ ተነሳች። ዘርፉ ትከሻዬን ይዛ፣ "ደጅ ተቀመጪ። ማንም እንዳይገባ" ብላ ገፋችኝና በሩን ቀረቀረች። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ አኮርዲዮኑ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ዛሬ ደግሞ ሁለቴ ነው እንዴ? አልኩ። የዘርፉ ድምፅ ከታች ተነሳ፤ የጋሽ ኃይለየሱስ ተከተለ፤ ሦስተኛ ድምፅ ተጨመረበት። ሦስተኛውን ወዲያው አላወቅሁትም። ወፍራምና ሻካራ ነው፤ ደረጃውን አይጠብቅም፤ ሌሎቹ ገና ሲወጡ እሱ ጫፍ ደርሶ ይወድቃል። አስተማሪው፣ "ኣ በይ እትዬ! ኣ! ከእኛ ጋር! አትቅደሚን!" ሲል ሰማሁት። እናቴ ነበረች።

የጎረቤታችን ዙለይካ፣ ከወሎ መጥታ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ አጥራችን መጣች።

"ምን ሆናችሁ አበዙ? ምንድን ነው?"

"ምንም አልሆንን" አልኳት እየተኩራራሁ። "እማዬም ዘፈን መማር ጀመረች።"

ዙለይካ ልትስቅ አፏን ከፈተችና ተወችው። አጥሩን ይዛ አዳመጠች። የእናቴ ድምፅ ጫፍ ደርሶ ወደቀ፤ እንደገና ተነሳ። ዙለይካ ሻሿን ከራሷ ላይ ስባ አፏ ላይ አደረገች። ግራና ቀኝ መንገዱን አየች። በሩን በእጇ ሳይሆን በግንባሯ የነካችው ይመስለኛል።

"እትዬ አሰለፈች፣ እኔ ነኝ፤ ዙለይካ" አለች ጮክ ብላ፣ መንገደኛ እንዲሰማ። "እኔም ልማር መጣሁ።"

በሩ ተከፈተና ዋጣት። አራተኛ ድምፅ ተጨመረ።

እኔ ብቻዬን ደጅ ቀረሁ። ሁሉም ሲማር እኔን የሚያስተምር ጠፋ ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ ተነስቼ ቆምኩና፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ በሙሉ ድምፄ አብሬያቸው መጮህ ጀመርኩ። ሲወጡ ወጣሁ፣ ሲወርዱ ወረድኩ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሳቀብኝ። ሲስቁልኝ ደስ አለኝና ባሰብኝ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ድረስ ጮህኩ።

እናቴ አምና አረፈች። ሣልስቷን ካወጣን በኋላ ከዘርፉ ጋር ብቻችንን ስንቀር፣ ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁትን ጠየቅኋት። ጆቴን ያመጣሁባችሁ እኔ፣ ወንድሜ ውስጥ ሬሳው ተዘርግቶ እኔ ደጅ ላይ ስጨፍር፣ ለምን አንዳችሁ ወጥታችሁ አፌን አልዘጋችሁትም አልኳት።

"እኔማ ልወጣ ነበር" አለች ዘርፉ። "ጥፊም ላቀምስሽ ነበር። እማዬ ናት ቀሚሴን የያዘችኝ። 'ተያት፣ ትጩህለት፤ እሷስ እህቱ አይደለችም እንዴ' አለች።"